ትልልቅ የጌጥ ዓሣ በትንሽ ግቢ፦ ለጎጃም የሚሆን የኮይ ኩሬ አሠራርና አያያዝ

ኮይን አንዴ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ቀይና ነጭ፣ ወርቃማ ወይም ጥቁር የተረጨበት ዓሣ ነው። ኮቴ ሲሰማ ወደ ዳር ይመጣል። ሲለምድ ከእጅ ይበላል። ዘሩ ተራው ካርፕ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጃፓን ኒጋታ የሚኖሩ የሩዝ ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ መካከል ቀለም ያወጣውን እየለዩ አዳቀሉት። በ1914 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ በኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ዝናው ከኒጋታ ወጣ።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ኮይ ማኖር ይችላል። የአየሩ ጠባይ ይስማማዋል። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውሃ ደህና ያድጋል፤ ብርድም ይችላል። እኛ ዘንድ የሚፈትነው የመብራት መጥፋትና የደጋ አየር መሳሳት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ እየመዘናችሁ አንብቡ፦ መብራት ማታ ጠፍቶ እስከ ጠዋት ባይመጣ ዓሣዎቼ ይተርፋሉ ወይ?

መጀመሪያ ቁጥሩን ወስኑ

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ኮይ አብዛኛውን ጊዜ ጣት ያህላል። በደንብ ከተያዘ ግን በሦስት በአራት ዓመት 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። 60 እና 70 የሚገባም አለ። ዕድሜውም ከ25 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ኩሬውን የምትሠሩት ለዚያ ትልቅ ዓሣ ነው።

«ኩሬው ትንሽ ከሆነ ዓሣውም በልኩ ያድጋል» የሚባለውን አትመኑ። እድገቱ የሚቆመው ውሃው ስለሚበላሽበት ነው። ይቀነጭራል፣ ጀርባው ይጣመማል፣ ያለ ዕድሜው ይሞታል።

ከ4,000 ሊትር በታች በሆነ ኩሬ ኮይ አታስገቡ። ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙዎች ለአንድ ትልቅ ኮይ 1,000 ሊትር ይበቃል ይላሉ። እኔ ለእኛ አገር 2,000 ሊትር እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ከ7 ብዙም አያልፍም። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ7 በታች ነው። ኮይ እንዲመቸው 6 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ያለን ትርፍ ትንሽ ነው። ውጭ አገር የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ብንወስድ መብራት በጠፋበት ሌሊት ትርፉ ያልቃል።

በዚህ መመሪያ ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1.3 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ነው። 7,800 ሊትር ይይዛል። አራት ኮይ ይበቃዋል። አምስተኛው ሲያምራችሁ ተዉት።

ቦታችሁ 2,000 ሊትር ብቻ የሚችል ከሆነ ጎልድፊሽ ያዙ። ሰውነቱ ሾጠጥ ያለው ዓይነት በኩሬ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጠንካራም ነው። ሆዱ ድቡልቡል የሆነው ዓይነት ግን ለውጭ ኩሬ አይሆንም።

ቦታ ምረጡ

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል።

ከዛፍ በታች አትሥሩ። በተለይ ከብርብራ ራቁ። የብርብራን ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማስከር በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ነገር ዓሣውን መተንፈስ ያሳጣዋል። አቅፋችሁ የምታሳድጉት ዓሣ ላይ ያ ፍሬ እንዲረግፍ አትፈልጉም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም በብዛት ገብቶ ሲበሰብስ ውሃውን ያበላሻል።

አፈሩንም እዩ። መራዊ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለው ቀይ አፈር ለቁፋሮ ምቹ ነው፤ ጠርዙ ይቆማል። ደጀንና ቢቸና በኩል የሚበዛው ዋልካ ግን በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የኮንክሪት ግድግዳ ያስነጥቃል። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ፌሮ ያለው ወፍራም ኮንክሪት ወይም የሚተጣጠፍ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ያስፈልጋችኋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የጎርፍ መንገድ ላይም አትቆፍሩ። ነሐሴ ላይ ዶፍ ሲወርድ ግቢያችሁ ውስጥ ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

ቆፍሩ፣ ገንቡ

ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን። ዳሩ እንደ ወንዝ ዳር እየቀጠነ የሚወጣ ኩሬ ለዓይን ያምራል፤ ግን ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ወፎች በእግራቸው ገብተው የሚለቅሙት እንዲህ ያለውን ነው። ከጣና በረው የሚመጡ ወፎች ባሉበት ባሕር ዳር ይህ ቀልድ አይደለም። አርጃኖም አለ። ቀጥ ያለ ግድግዳና 1.3 ሜትር ጥልቀት ግማሹን ጥበቃ ይሠራል። ቀሪውን ከላይ የተወጠረ መረብ ይሠራዋል።

ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘንብል። እዚያ ጥግ ላይ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ አስገቡና ከውጭ ቫልቭ አድርጉለት። ኩስና ጭቃ የሚወጣው በዚህ ነው። ይህን ቧንቧ ለወጪ ብለው የሚተዉ ሰዎች በኋላ በባልዲ ሲቀዱ ይኖራሉ። ከላይ ደግሞ ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ አፉ ላይ ጠንካራ ወንፊት እሰሩበት። የኩሬው ጠርዝ ከመሬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ጎርፍ አይገባም።

ጂኦሜምብሬን የመስኖ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ አለ። ገበሬው ለውሃ ማቆሪያ የሚጠቀምበት ያው ነው። ውፍረቱ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። መጠኑን ለማወቅ በርዝመቱ ላይ ጥልቀቱን ሁለት ጊዜ ጨምሩ፣ ለጠርዝ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር። ለእኛ ምሳሌ 6.4 በ5.4 ሜትር ይሆናል። ከሥሩ የተነፋ አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር አንጥፉ፤ በላዩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ይሁን። ሥርና ስለታም ድንጋይ አንድም አይቅር። ወለሉ ላይ ያለው ቧንቧ ከጂኦሜምብሬኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዋናው የማፍሰሻ ሰበብ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ያስረው።

በብሎኬትና በኮንክሪት ከሠራችሁ አንድ ነገር አትዘንጉ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፤ ኖራው የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ) እስከ 10 እና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። ዓሣ ይገድላል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ግድግዳውን በአቸቶ እሹት፣ አጥቡት። ሙሉት፣ አንድ ሳምንት ተዉት፣ አፍስሱት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከዚያ ፒኤቹን ለኩ። ከ7 እስከ 8.5 ከሆነ አልፏል።

ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ አጥር ወይም ከፌሮ የተበየደ ክዳን ሳትሠሩ ውሃ አትሙሉ። 1.3 ሜትር ለሕፃን ጥልቅ ነው። ጎረቤት ልጅም በር ተከፍቶ ካገኘ ይገባል።

ፊልተሩ

ዓሣ የሚበላውን ያህል ያወጣል። ከሚተነፍስበት ስንጥቡና ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትሬት ብዙ ጉዳት የለውም። ፊልተር ማለት ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የተሠራ መኖሪያ ነው።

ለ7,800 ሊትር ሁለት 200 ሊትር በርሜል ይበቃል። ኬሚካል ተይዞበት የማያውቅ ይሁን። የመጀመሪያው በርሜል ቆሻሻ ያስቀራል፤ ውስጡ ሰፍነግ ወይም የፕላስቲክ ብሩሽ ይደረጋል። ሁለተኛው የባክቴሪያዎቹ ነው። ለዚህ ሬድ አሽ የሚያህል የለም። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ባክቴሪያው ይይዘዋል። ርካሽም ነው፤ ግንበኞች ያውቁታል። እንቁላል የሚያክለውን እየመረጣችሁ እጠቡና በሽንኩርት ከረጢት ሞልታችሁ አስቀምጡ። ለማጠብ ሲደርስ ከረጢቱን ማውጣት ይቀላል።

ፓምፑ የኩሬውን ውሃ በሁለት ሰዓት አንዴ ቢያዞር ይበቃል፤ ለእኛ በሰዓት 4,000 ሊትር ማለት ነው። ዋቱን አይታችሁ ግዙ። 60 ዋት ፓምፕ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ከፊልተር የሚመለሰው ውሃ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እየተረጨ ይውደቅ። እየተሰባበረ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል።

ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው ስለሆኑ መስመሩን ኤሌክትሪሻን ይዘርጋው። ኧርዝ ይኑረው፤ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ይደረግለት። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ንቀሉ።

ሬድ አሹን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። እስኪያበራ ድረስ መፈተግ አያስፈልግም።

ውሃውን አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ሮቶ ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አሳድሩት። ኩሬውን መጀመሪያ ስትሞሉ ዓሣ ስለሌለ እዚያው ያርፋል። የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ኦክስጅኑ ትንሽ ነው፤ እየረጫችሁ አስገቡት።

ከዚያ ፓምፑን አስነሱና ታገሡ። ባክቴሪያው እስኪበዛ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ደጋ ላይ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ይዘገያል። ማፋጠን ከፈለጋችሁ የቆየ ኩሬ ካለው ሰው አንድ ከረጢት ያገለገለ ሬድ አሽ ለምኑ፤ እርጥቡን አምጡት። በመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ አስገቡ። ትንሽ አብሉ። በጠብታ መመርመሪያ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ቀሪዎቹን ጨምሩ። ናይትራይት ከታየ በ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው ጨምሩ፤ መርዙ ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይከላከላል።

ዓሣውን ማምጣት

ብዙ ሰው የሚገዛው ከአዲስ አበባ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ሻጩ ዓሣውን ከመላኩ በፊት አንድ ቀን እንዳያበላው ንገሩት። ፌስታሉ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ይሁን። ፌስታሉን ክዳን ባለው የአይስ ቦክስ ውስጥ አድርጉት፤ ጨለማውም ቅዝቃዜውም ያረጋጋዋል።

ቤት ስትደርሱ ፌስታሉን ሳትፈቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ውሃው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ዓሣውን በመረብ አውጡና አስገቡ። የፌስታሉን ውሃ ኩሬው ውስጥ አትድፉት። ኩሬው ውስጥ ቀድሞ ዓሣ ካለ አዲሱን በሌላ ገንዳ ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩ።

ከጣና የተያዘ ቆሮሶ ወይም አምባዛ መጨመር የሚያምራቸው አሉ። አይሆንም። አምባዛ ከሱ የሚያንሰውን ዓሣ ይውጣል፤ አየር መተንፈስ ስለሚችል በዝናብ ሌሊት ከኩሬ እየተሳበ ይወጣል። ቆሮሶ ደግሞ እየተራባ ኩሬውን ይሞላዋል።

ማብላት

በአምስት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጡ። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለኮይ ተብሎ የተሠራ ካጣችሁ ለቆሮሶ እርባታ የሚሸጠው ተንሳፋፊ መኖ ይሆናል። ሰላጣ፣ የተቀቀለ አተር፣ የተላጠ ብርቱካንና የምድር ትል ይወዳሉ። ዳቦ አታስለምዱ፤ ያወፍራል፣ ውሃም ያደፈርሳል።

ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አታብሉ፤ ዓሣው አይፈጭም። ከ10 እስከ 15 ባለው ትንሽ ብቻ። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ይበርዳል። ስለዚህ ውሃው ፀሐይ ካገኘ በኋላ፣ 5 ሰዓት ገደማ አብሉ።

መብራት ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ቀን መብራት ቢጠፋ ብዙ አያሰጋም። አልጌውና ተክሉ በፀሐይ ኦክስጅን ያወጣሉ። ሌሊት ግን እነሱም ኦክስጅን ይበላሉ። ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው። ውሃው አረንጓዴ በሆነ መጠን ችግሩ ይብሳል።

ስለዚህ ማታ መብራት ከሌለ የማታውን መኖ ዝለሉ። የበላ ዓሣ ብዙ ይተነፍሳል። ሊነጋ ሲል ውጡና እዩ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ጊዜ የለም። በባልዲ እየቀዳችሁ ከትከሻ ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ቤተሰብ እየተፈራረቀ ፀሐይ እስክትወጣ ይቀጥል። ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን ያድናል።

ዘላቂው መፍትሔ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። 20 ዋት የሆነ ባለ 12 ቮልት የአየር ፓምፕ በ12 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 50 አምፒር ሰዓት የሆነ የሶላር ባትሪ 600 ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ሌሊቱን ይሸፍናል። ቀን በመብራት ወይም በትንሽ የሶላር ፓኔል ይሞላ። ከጌጥ መብራት፣ ከፏፏቴ፣ ከአምስተኛው ዓሣ በፊት ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ፓምፑን ዝም ብላችሁ አታስነሱ። ብዙ ሰዓት የቆመ ፊልተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃውም ይሸታል። መጀመሪያ የበርሜሎቹን ውሃ ወደ ውጭ አፍስሱ። ከዚያ አስነሱ። ለጥቂት ቀን አሞኒያ ለኩ፤ መኖም ቀንሱ።

በየወቅቱ

በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ከታች አውጥታችሁ ሮቶ ውስጥ ባደረ ውሃ ተኩ።

የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብዛት ሲገባ ፒኤቹን የሚያጸናውን ካርቦኔት ያሳሳዋል፤ ፒኤቹ በአንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። የካርቦኔቱ ጥንካሬ በመመርመሪያው ከ4 ደረጃ በታች ካሳየ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። በ1,000 ሊትር 30 ግራም አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ቀን ከአንድ ደረጃ በላይ አትጨምሩ።

ከክረምት በኋላ የወባ ወቅት ይመጣል። ዓሣዎቹ የትንኝ እጭ ስለሚበሉ ኩሬው ራሱ አያሰጋም። በርሜሎቹን ግን ክደኑ። ቤት የሚረጭ ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ ኩሬውን በሸራ ሸፍኑ፤ የአየር ፓምፑንም ርጭቱ እስኪያልቅ አጥፉ። ብዙዎቹ የትንኝና የአትክልት ፀረ ተባዮች ለዓሣ እጅግ መርዛም ናቸው። ጎረቤት ሽንኩርት ሲረጭም እንዲሁ።

ለተክል ደንገል በሸክላ ተክላችሁ ከፊልተሩ መውጫ አጠገብ አስቀምጡ። ናይትሬት ይመጥጣል። ኩሬው መሃል ብታደርጉት ኮይ ሥሩን ይነቅለዋል። ሌላ አገር ለኩሬ የሚመከረውን እምቦጭ ግን አንድ ቅጠል እንኳ አታስገቡ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል።

ዓሣ ከግድግዳ ጋር ሲታከክ፣ ክንፉን ሲሰበስብ ወይም ለብቻው ሲቆም መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ውሃውን መርምሩ። አብዛኛው በሽታ ከዚያ ይነሳል። ሩቡን ውሃ ለውጡና ሁለት ቀን ጠብቁ። ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት በ1,000 ሊትር 3 ኪሎ ጨው፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይገባል። ደንገሉን መጀመሪያ አውጡት።

ዓሣው ሲበዛ

ኮይ ኩሬ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ሴቷ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ100,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ብዙውን ራሳቸው ይበሉታል። የተረፈውን ኩሬ ላለው ሰው ወይም ሰፊ ግቢ ላለው ሆቴል ስጡ።

ጣና ወይም ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ስለሆነ ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ ወደ ጣና አይወጣም። በዚህ ምክንያት ሌላ የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እዚያ ተፈጥረዋል። ዩኔስኮም በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ምግብ የሚፈልግ፣ ተክል የሚነቅል ዓሣ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም።

ስለዚህ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ እንዳይሄድ ቧንቧውን ወደ ጓሮ አዙሩት። ጎመኑና ቃሪያው ናይትሬቱን ይወዱታል። ጨው በገባበት ሳምንት ብቻ ጓሮው ላይ አትልቀቁት፤ አትክልት በሌለበት ራቅ ያለ መሬት ላይ አፍስሱት። የማስወጫውን ወንፊት ደግሞ ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ፈትሹና የላላውን አጥብቁ።